ከእርሾ ጋር የተደረገ ሽርሽር

ኢላሪዮ ቤርቶዚ ዳቦ ቤቱን የዘጋው በጁን ወር የመጨረሻው ቅዳሜ፣ የቀረችውን አንዲት ዳቦ ለቄሱ ቤት ሠራተኛ ከሸጠ በኋላ ነው። በሩን ቆለፈ፣ ሽርጡን አወለቀ፣ ዱቄቱን ከቅንድቡ ላይ ጠረገ። እኛ የሠፈሩ ሰዎች ያለቅሳል ብለን በየመስኮታችን ብቅ ብቅ ብለን ነበር፤ አላለቀሰም። በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለች፣ ዙሪያዋን በሲባጎ የተጠፈረች፣ የሕፃን ራስ የምታህል ነገር በሁለት እጁ አቅፎ ደረጃውን ቀስ ብሎ ወጣ።

እርሾዋ ነበረች።

በእኛ አውራጃ፣ በሮማኛ፣ ጋጋሪዎች እርሾን “እናት” ይሏታል። የኢላሪዮን እርሾ መጀመሪያ ያነሣት አያቱ ፕሪሞ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ወታደሮች ዱቄቱን ሁሉ ጠራርገው ሲወስዱ እሷን በማሰሮ ከትቶ፣ የውኃ ጉድጓድ ውስጥ አንጠልጥሎ አተረፋት። ከፕሪሞ ለአባቱ፣ ከአባቱ ለኢላሪዮ ደረሰች። በየቀኑ ዱቄትና ውኃ ትበላለች፤ ካልበላች ትሞታለች። እንዳትፈነዳ በጨርቅ ትታሰራለች፤ ታስራም ቢሆን እንደ ሰው ትተነፍሳለች። አሁን ዳቦ ቤቱ የለም። አንዲቱ ልጁ ኦሪየታ ትሪየስተ ወደብ ላይ የመርከብ ንድፍ ትሠራለች እንጂ ሊጥ አትነካም። እርሾዋ ግን አለች። ሊያኖራት ምክንያት የለውም፣ ሊገድላት ልብ የለውም። በዚያ ሰሞን ኢላሪዮን ያየ ሁሉ ፊቱ ላይ የሚያነበው ይህንኑ ነበር።

ሚስቱ ዴልፊና ደግሞ ሌላ ሐሳብ ይዛለች። ከአርባ አራት ዓመት በፊት፣ በተጋቡ ማግስት፣ ተራራውን ተሻግረው ወደ አሬዞና ወደ ኮርቶና፣ ከዚያም ወደ ትራሲሜኖ ሐይቅ ለዐሥር ቀን ሊሄዱ ሻንጣ ጠቅልለው ነበር። በዚያው ንጋት የኢላሪዮ አባት ምድጃው ፊት ወደቀና ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ አለው። ምድጃ ደግሞ አይቀዘቅዝም። ዴልፊና ሻንጣውን ፈታች፣ ቀሚሶቿን መልሳ ሰቀለች፣ ወርዳ ባንኮኒ ቆመች። ከዚያ ወዲህ ኦገስት በመጣ ቁጥር አገሩ ሁሉ ዘግቶ ባሕርና ተራራ ሲወጣ፣ እነሱ የባሕር ዳር ሆቴሎችን ዳቦ ይጋግሩ ነበር።

“ኦገስት ሰባት እንነሣለን፤” አለችው ጁላይ ላይ፣ ሰላጣ እያጠበች።

“እናቲቱስ?”

“የማን እናት? ያንተም የኔም ካረፉ ቆዩ።”

“አታሹፊ፣ ዴልፊና።”

“ለኦሪየታ ላክላት።”

“አንድ ቆርቆሮ በሶብላ ሰጥተናት በሳምንቱ ነው የገደለችው።”

“እንግዲያው ለዚህ ለላይኛው ፎቅ ጎረቤታችን አደራ በል።”

“ለእሱ? እሱ እኮ ድመቱን እንኳ ሲያስታውስ ነው የሚያበላው!”

እኔን ማለቱ ነው፤ መስኮቱ ክፍት ስለነበር ሰማሁት። አልተቀየምኩም። ውሸት አልነበረማ።

“ታዲያ ይዘናት እንሂድ ነው የምትለኝ?” አለች ዴልፊና። “በዚህ ዕድሜዬ የጫጉላ ሽርሽር ሄጄ፣ እሱንም ለሦስት ሆነን?”

ዝም አለ። ዝምታው አዎ ማለት ነበር። አርባ አራት ዓመት የኖረችበትን ዝምታ ታውቀዋለች። ኦገስት ሰባት ማለዳ እርሾዋ የሳር ቅርጫቷ ውስጥ ተቀምጣ፣ ኋላ ወንበር ላይ በመቀመጫ ቀበቶ ታስራ፣ ትንሿ ሰማያዊ መኪና ከሠፈራችን ወጣች። ዴልፊና በሰፊ የገለባ ባርኔጣ ሥር ሆና እጇን አወዛወዘችልን፤ እሱ ግን በመስተዋቱ የኋላ ወንበሩን ይመለከት ነበር።

መንገዱ እባብ ነው፤ ወደ ተራራው ይጠማዘዛል፣ ይጠማዘዛል፣ ከዚያ ደመናው ጥግ ላይ ጀርባውን ያሳይና ወደ ቶስካና ይንሸራተታል። ዴልፊና መስኮቱን አውርዳ አየሩን ትጠጣው ጀመር። ጫካው ጠቆር ያለ አረንጓዴ ነው፤ ውስጥ ውስጡን የውኃ ድምፅ ይሰማል፤ የላም ቃጭል ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ይመጣና ይሄዳል። ከተራራው ወዲያ የሚታየው ሸለቆ በአንድ ወገን የታጨደ ስንዴ፣ በሌላው ወገን አንገቱን ያዘነበለ የሱፍ አበባ ነበር። እሷ “እይ፣ እይ!” ትላለች። እሱ ያያል፤ ዓይኑ ግን ቶሎ ወደ መስተዋቱ ይመለሳል።

ምሳ የበሉት ከተራራው በታች፣ ድንች የተሞላ ፓስታ በሚሠሩ ሁለት እኅትማማቾች ቤት ነው። ፓስታው ትራስ ትራስ የሚያህል፣ ላዩ ላይ የደቀቀ የሥጋ ስጎ የፈሰሰበት ነበር። ዴልፊና የመጀመሪያውን ስትጎርስ ዓይኗን ጨፈነች። ኢላሪዮ ግን ከውስጡ ቀዝቃዛ ጥላ እያለ፣ መኪናውን ልይ ብሎ ጠራራው ውስጥ ካለው ጠረጴዛ ተቀምጦ ነበር፤ ላቡ ከሳህኑ ላይ ይንጠባጠባል።

“ስጎው ጨው አይጎድለውም፣ አንተ እየጨመርክበት ነው፤” አለችው።

በየማደሪያው እንዲሁ ሆነ። ማለዳ ዴልፊና ስትነቃ ባሏ የመታጠቢያ ቤቱን ገንዳ ከድኖ፣ ሲባጎውን ፈትቶ፣ የደረቀውን ቅርፊት በቢላ እየላጠ፣ ዱቄትና ውኃ እየመገበ ታገኘዋለች። አልጋ ልብሱ ነጭ ዱካ፣ ጫማዋ ነጭ ዱካ። የአንዱ ማደሪያ አጽጂ በሩን ከፍታ አየችውና “ይህ ሰው ምን ጎድሎበት ነው እዚህ የሚያቦካው?” ብላ በሩን መልሳ ዘጋች። ዴልፊና በሳቅ አልጋው ላይ ተንከባለለች። በሁለተኛው ቀን ግን ሳቋ ቀነሰ፤ በሦስተኛው ቀን ጠፋ።

ሦስተኛው ቀን አሬዞ ናቸው። የአሬዞ አደባባይ ሜዳ አይደለም፣ ተዳፋት ነው፤ ሰው ቆሞ እንኳ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። ዴልፊና በትልቁ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ባለቀለም መስኮቶቹ ሥር፣ መቀመጫ ያዘች። ፀሐይዋ በመስተዋቱ አልፋ ቀይና ሰማያዊ አድርጋ ጭኗ ላይ አፈሰሰችባት። እጇን ዘርግታ ብርሃኑን እንደ ጨርቅ ትዳስሰው ጀመር።

“አንድ ሰዓት ሆነን፤” አለ ኢላሪዮ በሹክሹክታ።

“አርባ አራት ዓመት ነው የሆነን። ተቀመጥ።”

“መኪናዋን ግድግዳው ሥር…”

“ጥላ ላይ አይደል ያቆምካት? ተቀመጥ አልኩህ እኮ!”

ተቀመጠ። የሚስቱን እጅ ያዘ፤ ቀዩ ብርሃን ሁለቱም እጅ ላይ ወረደ። ለአንድ ግማሽ ሰዓት ያህል፣ ዴልፊና እንደነገረችኝ፣ እውነትም አብሯት ነበር።

ሲመለሱ ጥላው ግድግዳውን ትቶ ማዶ ተሻግሯል። መኪናዋ በጠራራው ፀሐይ ትጋያለች። ውስጧ ሲባጎው ተበጥሶ፣ ጨርቁ ተተርትሮ፣ እርሾዋ ከቅርጫቷ ፈንድታ ወጥታ ነበር፤ ወንበሩን ሞልታዋለች፣ በመቀመጫ ቀበቶው ተጎትታለች፣ የመንገድ ካርታውን ውጣለች፣ ከዴልፊና ባርኔጣ አናት ላይ ወጥታ እንደ አክሊል ተቀምጣለች።

ዴልፊና ባርኔጣዋን አይታ ሳቋ አመለጣት። ከዚያ የባሏን ፊት አየች።

መንገዱ ላይ ተንበርክኮ፣ ራሱን መኪናው ውስጥ አስገብቶ፣ እየዛቀ ያሸትታል። የሞቀውን ይጥላል፣ ያሸትታል፣ ይጥላል። በመጨረሻ ከቅርጫቱ ሥር፣ ከእርጥቡ ጨርቅ እጥፋት ውስጥ፣ ጡጫ የምታህል ቁራጭ አገኘ። አፍንጫው ላይ አስጠግቶ ረጅም ጊዜ ቆየ። ያልበሰለ ፖም ትሸታለች፤ በሕይወት አለች።

“ጥላው ተነሣ፤” አለ፣ ማንን እንደሚከስ ሳይታወቅ። ዓይኑ ቀልቷል።

ዴልፊና አጠገቡ ተንበረከከች። ከአንገቷ ላይ የሐር ሻሿን ፈታች፣ በአደባባዩ የምንጭ ውኃ ነክራ አመጣች፣ ቁራጯን ጠቀለለችለት።

“እንመለስ?” አለችው። ከልቧ ነበር። “ሐይቁ የትም አይሄድ። እንመለስ፣ ኢላሪዮ?”

ራሱን ነቀነቀ። “ሁለተኛ ሻንጣ አስፈታሽና ምን ፊት አለኝ?”

ይህን ሁሉ ከደጃፉ ሆኖ ያየው የአንድ ቡና ቤት ባለቤት ነው ወደ ፖጆላ የላካቸው። “ከፍታው ላይ ናት፣ ነፋስ አላት፤” አለ። “አርጂያ የምትባል ሴትዮ ክፍል ታከራያለች። ከቤቷ ሥር ዓለቱን ቆፍረው የሠሩት ጓዳ አለ፤ ኦገስት ላይ እንኳ ካፖርት ያስለብሳል።”

ፖጆላ ዐሥራ አንድ ቤት፣ አንድ የደወል ማማ፣ አንድ ምንጭ ናት። ወደ እሷ የሚወስደው ኮረብታ ግራና ቀኙን ወይራ ነው፤ ነፋስ ሲመጣ ቅጠሉ ይገለበጥና ኮረብታው በአንድ አፍታ ይሸብታል። አርጂያ ሰባ አምስት ዓመቷ ነው፤ ባሏ የሞተ፣ ወገቧ የጎበጠ፣ ምላሷ ቀጥ ያለ። እንግዳው በሻሽ የጠቀለለውን ይዞ ሲወርድ አየችና “ምንድን ነው፣ ቡችላ ነው?” አለች።

“እርሾ ነች፣ ሲኞራ።”

“ከዚያ ማዶ እዚህ ድረስ? የኛ እርሾ አትረባም ብለህ ነው?”

እሱ ሊመልስላት ሲፈልግ እሷ የጓዳውን በር ከፍታ ነበር። ብርዱ ፊታቸውን መታቸው። የበግ አይብ በሣንቃ ላይ ተደርድሮ ይበስላል፣ የደረቀ የአሳማ ጭን ከጣሪያው ተንጠልጥሏል። ከአይቡ መካከል ለእርሾዋ ቦታ ተለቀቀላት።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት የዴልፊና ናቸው። እርሾዋ ብርድ ውስጥ ስለሆነች በቀን አንዴ ብቻ ትበላለች። ኢላሪዮ የሚጠብቃት ነገር ስላልነበረው ወጣ። በወይኑ መካከል ተራመዱ። ዘለላው ገና አረንጓዴ ነው፤ አንዳንዱ ፍሬ ብቻ እንዳፈረች ልጃገረድ ቀላ ብሏል። ማታ ማታ ከአርጂያ ጋር ደጅ ተቀምጠው፣ በውኃ የራሰ የከረመ ዳቦ በቲማቲም፣ በሽንኩርትና በበሶብላ ተደርጎ ይበላሉ፤ የወይራው ዘይት ጉሮሮን ይቆነጥጣል። አንድ ቀን ምሽት ኢላሪዮ ቲማቲም እየቆረጠ “ሐይቁ ከዚህ ይታያል ይላሉ፤ ነገ ወደ ላይ እንውጣና እንይ?” አላት። በዚህ ሽርሽር ውስጥ እሱ ያመጣው የመጀመሪያው ሐሳብ ነበር።

ሐይቁን አዩት። ሩቅ ነው፤ ከሰማዩ የወደቀ ቁራጭ ይመስላል።

የመንደሩ ምድጃ የሚነደደው በዓመት ጥቂት ጊዜ ነው፤ ከሁሉ ዋነኛው በኦገስት አጋማሽ፣ በእመቤታችን ዕርገት በዓል ዋዜማ ነው። አርጂያ አስቀድማ “አንተም ጋግር፤” አለችው። “አርባ አራት ዓመት ጋገርኩ ብለህ ጆሮዬን አደነቆርከው። በዓይኔ ልየው።”

ኢላሪዮ ለሁለት ቀን እርሾዋን አፋፍቶ፣ ሦስት ጊዜ መግቦ አሰናዳት። ለዴልፊና ደጋግሞ የሚነግራት አንድ ነገር ነበር፦ “ቁራጯን አስቀርቼ ሌላውን እጋግረዋለሁ።” ጋጋሪ ሁሉ የሚያደርገው ነው። ሊጡ ከተቦካ በኋላ፣ ጨው ከመግባቱ በፊት፣ እጅ ወደ ሊጡ ይገባና ለነገ የምትሆነውን ቁራጭ ቆርሶ ያወጣል። እሷ ትጠቀለላለች፤ ነገ እናት እሷ ናት። ኢላሪዮ ይህን አንድም ቀን አስቦ አድርጎት አያውቅም። እንደ መተንፈስ ነው፤ እጁ ያውቃል።

በዋዜማው ማለዳ ምድጃው በወይን ቅርንጫፍና በወይራ ጉማጅ ተቀጣጠለ። የመንደሩ ሴቶች በየገንዳቸው ተሰልፈው ያቦካሉ። ዴልፊና የእርሾዋን ጨርቅ ምንጩ ላይ አጥባ፣ ጨምቃ፣ ቁራጯ ስትወጣ ልትቀበል ይዛ ቆማለች። ኢላሪዮ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ያለችውን እርሾ በሙሉ ገንዳው ውስጥ ከዱቄቱ ጋር አዋሕዶ እያሸ ነው።

“ጨው የት ነው ያለው?” ብሎ ጠየቀ።

በየገንዳው ያሉት እጆች ቆሙ፤ በዚያ አገር ዳቦ ጨው አይነካውም። ከዚያ ሳቁ ፈነዳ።

“ጨው ለአሳማው ሥጋ ነው፣ ልጄ! ዳቦ ምን አጥፍቶ?” አለች አርጂያ።

ከወዲያ ጫፍ ዘሊንዳ የምትባል፣ እንደ ሸምበቆ የቀጠነች ሴት፣ ቀና አለች። በዚያ አገር የአበባ ስም አስቀድሞ ሰውን በዘፈን መንካት የቆየ ልማድ ነው፤ ዘሊንዳ ደግሞ ማንንም አትምርም። በቀጭን ድምፅ ጀመረች፦

“የሽምብራ አበባ ሲያዩት ደስ ይላል፤
ከተራራው ማዶ ፍየል ጨው ይልሳል።”

ሴቶቹ እልል አሉ። ሁሉም ወደ እንግዳው ዞሩ። ሌሊት የሚሠራ ሰው አይዘፍንም፤ ከላይ ሰው ተኝቷል። ኢላሪዮ አርባ አራት ዓመት ከንፈሩን ገጥሞ ሲያጉረመርም ነው የኖረው፤ ከዳቦ ቤቱ በላይ የተኛሁት እኔም ምስክር ነኝ። አሁን ግን ፀሐይ ወጥታለች፣ ሁሉም ነቅቷል፣ የተኛ የለም። እጁ ሊጡን እንደያዘ አፉን ከፈተ፦

“ጽጌረዳ አበባ እሾህ አያጣትም፤
ጨው ያልነካው ምላስ ዘፈን አያምርበትም።”

ድምፁ ወፍራም ነው፣ ትንሽ ይሻክራል፣ ከሆድ ይመጣል። የደወሉ ማማ መለሰለት። ጭብጨባው ቀለጠ።

“አይ ማዶኛ! ጉድ ነው!” አለች ዘሊንዳ። አርጂያ ግን ተራዋን አላስነካችም፦

“የሱፍ አበባዋ ፀሐይን ታያለች፤
የጨዋማ ሰው ሚስት ውኃ ስትቀዳ ታድራለች።”

ሁሉም ዴልፊናን አዩ። ፊቷ እስከ ጆሮዋ ቀላ። ኢላሪዮ በክርኑ ግንባሩን ጠርጎ፣ ዓይኑን እሷ ላይ ጥሎ መለሰ፦

“የወይን አበባ ትንሽ ናት ለዓይን፤
የኔ ሚስት ስትጠማ ውኃ አይደል፣ ወይን!”

“ስጧት፣ ስጧት!” እያሉ አንድ ብርጭቆ ቀይ ወይን እጇ ላይ አስቀመጡላት። በአንድ እጇ ብርጭቆ፣ በአንድ እጇ ጨርቅ ይዛ ቆመች። አንዷ ሴት እየሳቀች ከቤቷ የጨው ዕቃ አመጣች። ኢላሪዮ አንድ እፍኝ ዘገነ። እጁን ሊጡ ላይ ዘርግቶ ቆመ፤ ዴልፊናም ጨርቁን ዘረጋች። አሁን ነው ቁራጯ የምትወጣው። እሱ ግን ቀና ብሎ እሷን እያየ፣ ማንም ሳይነካካው፣ ከራሱ ጀመረ፦

“የሎሚ አበባ ሽታው ሩቅ ይሄዳል፤
አርባ ዓመት ዘግይቶም ሙሽራ ይወዳል።”

ጨውን በተነው። ሁለቱን እጁን ከተተና አሸው፤ ሊጡን ገለበጠው፣ ደበደበው፣ አለሰለሰው። በነጭ ጨርቅ ሸፈነው። ቁራጭ አላስቀረም።

ዴልፊና አየች። አፏ ተከፈተ። “ኢላሪዮ…” አለች፤ ግን ሴቶቹ እየጮኹ ስለነበር አልሰማትም፤ እሷም ደግማ አልጠራችውም። እርጥቡን ጨርቅ አራት አጥፋ የቀሚሷ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

ሊጡ እስኪነሣ ከሦስት ሰዓት በላይ ነበራቸው። ወደ በለሶቹ ወረዱ። እሱ የበሰለ በለስ እየቆረጠ ያጎርሳታል፤ በመካከሉ ያንጎራጉራል፣ ቃል እየፈለገ ቤት ይመታል፣ ሲያገኝ ይስቃል። ጨርቁ በኪሷ ውስጥ ጭኗን ያቀዘቅዘዋል። ሁለት ጊዜ ልትነግረው ቆመች። አንድ ቃል ብትናገር ሮጦ ተመልሶ ከሸፈነው ሊጥ ይቆርሳል፤ ሁሉም ነገር እንደነበረ ይሆናል። እንደነበረ የሚለው ነገር ነው አፏን የያዘው። በመጀመሪያው ጊዜ በለስ አጎረሳት። በሁለተኛው ጊዜ “ለምን ቆምሽ?” አላት፤ “ደክሞኝ” አለች፤ ክንዱን ሰጣት።

ሲመለሱ ሊጡ እንደ ሆድ ተነፍቷል። አራት ድቡልቡል አድርጎ አወጣው። የገንዳውን ጥግ ጥግ አርጂያ በብረት ፍቃ ፍቅፋቂውን ሰብስባ ጠፍጣፋ ቂጣ አድርጋ ምድጃው ውስጥ ወረወረች፤ የምድጃውን ሙቀት የሚለኩት እንዲህ ነው። በደቂቃዎች ወጣ። ከላዩ ዘይት አፍስሰው፣ የደረቀ የአሳማ ሥጋ ጣል አድርገው ለሁሉም ቆራረሱ። ኢላሪዮም ድርሻውን ጎርሶ ጣቱን ላሰ። ገንዳው ምንጩ ላይ ታጠበ። ዳቦዎቹ ገቡ፣ የምድጃው አፍ በድንጋይ ተዘጋ፣ ዙሪያው በእርጥብ አመድ ተመረገ።

ኢላሪዮ እጁን ታጠበ። ከዚያ እጁን ወደ ሚስቱ ዘረጋ፤ ማንም ሳያዘው፣ በልማድ። “ጨርቁን…” አለና ቆመ።

ወደ ገንዳው አየ። ገንዳው ተደፍቶ ውኃው ይንጠባጠባል። ወደ ምድጃው አየ። እጁን አየ።

“ምን ሆንክ?” አለች አርጂያ።

“አላስቀረሁም።”

ሴቶቹ ጋጋሪዎች ናቸው፤ ማብራሪያ አላስፈለጋቸውም። ዘሊንዳ እጇን አፏ ላይ ጫነች። አርጂያ ጎንበስ ብላ የምድጃውን ድንጋይ ነካች። “ልክፈተው?”

“ተዪው። ሩብ ሰዓት አልፎታል። ውስጧ ሞታለች።”

ሄዶ የአጥሩ ግንብ ላይ ተቀመጠ፣ ጀርባውን ለሰው ሰጥቶ፣ ፊቱን ለሸለቆው። ዴልፊና ተከትላ አጠገቡ ተቀመጠች። ጨርቁን ከኪሷ አውጥታ በመካከላቸው አኖረችው። ደርቆ ነበር። ያንን አየና ገባው።

“አይተሽ ነበር?”

“አዎ።”

“መቼ?”

“ጨው ስትበትን።”

“ያን ጊዜ?” ድምፁ ተሰበረ። “ያን ሁሉ ሰዓት? በለስ ስንበላ? ለምን አልነገርሽኝም?”

“ትዘፍን ነበር፣ ኢላሪዮ።” እንባዋ ወረደ፤ አልጠረገችውም። “ካገባሁህ ጀምሮ ያን ድምፅ ሰምቼው አላውቅም። ብነግርህ ታቆማለህ። ልነግርህ ይገባ ነበር፤ አውቃለሁ። ስስት ያዘኝ።”

እሱ ሸለቆውን ያይ ነበር። ፌንጣዎቹ ሙቀቱን ይሰነጥቁታል። “ከጦርነት ተርፋ፤” አለ በመጨረሻ፣ ቀስ ብሎ። “ጉድጓድ ውስጥ ተንጠልጥላ ተርፋ፣ በዘፈን ሞተች።”

“ክፉ አሟሟት አይደለም።”

አልተነሣም፤ ክንዱም ክንዷን እንደነካ ነበር። እንዲህ እንዳሉ የዳቦው ሽታ ከኋላቸው መጣ፣ አልፏቸው ወደ ወይኑ ወረደ። ጋጋሪ ነውና ሽታውን ሰምቶ ሰዓቱን አወቀ። “ደርሷል፤” ብሎ ተነሣ።

አራቱ ዳቦዎች ወጡ። ቡናማ፣ አናታቸው የተሰነጠቀ፣ ሲመቷቸው እንደ ከበሮ የሚመልሱ። የመንደሩ ሰው ዙሪያውን ቆሟል፤ ለቅሶ ቤት ይሁን ሠርግ ቤት ለይቶ አላወቀም። አርጂያ በበለስ ቅጠል የጠቀለለችው ነገር ይዛ ቀረበች። ከራሷ ሊጥ ያስቀረችው ቁራጭ ነበር።

“ያንተዋን ያህል ዕድሜ የላትም። ግን ብርቱ ናት። ውሰዳት።”

ኢላሪዮ ተቀበላት። በመዳፉ መዘናት፣ ቅጠሉን ገልጦ አሸተታት። ዴልፊና ፊቷን ወደ ምንጩ አዞረች፤ በዚህስ ቃል አይወጣኝም ብላ። እሱ አያት። ከዚያ ቅጠሉን መልሶ አጠፈና ለአርጂያ በሁለት እጁ ሰጣት።

“እግዜር ይስጥልኝ፣ ሲኞራ። እኛ ነገ ወደ ሐይቁ እንወርዳለን። እዚያም የሚጋግር ሰው አይጠፋም፤ ዳቦ ገዝተን እንበላለን።”

“ገዝተህ?”

“ገዝቼ።”

ቢላውን አነሣ። የመጀመሪያውን ዳቦ ደረቱ ላይ ደግፎ ቆረሰ፤ ለአርጂያ፣ ለዘሊንዳ፣ ለሁሉም አዳረሰ። ለዴልፊና ጥጓን፣ የምትወደውን ጠንካራዋን ሰጣት። የመጨረሻውን ቁራሽ ራሱ ጎረሰና ዓይኑን ጨፍኖ ቀስ እያለ ያኝክ ጀመር።

ዘሊንዳ አንድ ጊዜ ነክሳ ፊቷን አኮማተረች። “ኡ፣ ጨው! ይህ ባሕር ነው እንጂ ዳቦ ነው?” አለችና ድምፅዋን አነሣች። የወይራውን አበባ ጠርታ፣ ጨዋማ እንግዳ ሰደድክብን ብላ ተራራውን ከሰሰችው። ከዚያ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ መልስ ትጠብቅ ጀመር።

ሰው ሁሉ ወደ ኢላሪዮ ዞረ። እሱ አፉ ሙሉ ነበር። ታገሡኝ ብሎ አንድ ጣቱን ወደ ላይ አነሣ፤ የጎረሰውን እስኪውጥ ጠበቁት።